የጋላክሲ ሂስ

አማን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነ ቀን ጠላሁት። ቅናት ነው፤ ምን ልደብቅ! ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን ፊዚክስ ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል፤ እሱ ገና ሦስተኛውን ይዟል። እሑድ በጉባኤ ስለ ቅናት ሲሰበክ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰኞ ሳየው ያው ነኝ።

ስለ ጋላክሲዎች የሚያወራውን መጽሔት ያዋስኩት እኔው ነኝ። «ጋሽ ዋቅቶላ፣ ዓይኔን ገለጥክልኝ» ብሎ መለሰልኝ። በሳምንቱ ከመምህራን ክበብ አንድ ሳህን ሾርባ ይዞ ክፍል ገባ። ላዩ ላይ የተንሳፈፉትን የዘይት ጠብታዎች በማንኪያ ገፋ ገፋ አደረጋቸው። ትንንሾቹ እየተጠጉ ገጠሙ፤ አንዱ ጠብታ ሌሎቹን እየዋጠ ሰፋ።

«በመጀመሪያው ዘመን ጋላክሲዎች ትንንሽ ነበሩ» አለ። «ስበት አቀራረባቸው፣ ተጋጩ፣ ተዋሃዱ። ትልቁ ትንሹን እየዋጠ አደገ። የለም፣ ትልቁ ነው ቀድሞ የተሠራው የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ክርክሩ ገና አላለቀም።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። ለእኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማን አጨብጭቦ ያውቃል?

በ1975 ዓ.ም. ሞስኮ ሄዶ የሰማይ ጥናት ለሚማር ሰው አንድ ቦታ መጣ። ሕይወቴን ሙሉ የተመኘሁት እሱን ነው። ዕጩ የሚያቀርበው ደግሞ ኃላፊው ነው። አማን ቅጹን ሲሞላ በጀርባው በኩል አለፍኩ። «የጥናት ርእስ፦ የጋላክሲዎች እድገት» ብሎ ጽፏል። የዕጩው ስም ያለበትን መስመር በእጁ ሸፍኖታል። ማየት ምን ያደርግልኛል? ለራሱ እንደሆነ የታወቀ ነው። በገንኩ።

ዓርብ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። እያንዳንዱ መምህር ተነስቶ የጓዱንም የራሱንም ጥፋት መናገር አለበት። ሌላ ጊዜ «ጓድ እከሌ ያረፍዳል» ብለን እንገላገላለን። የዚያን ቀን ግን ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

«ጓድ አማን ትልቁ ትንሹን እየዋጠ ያድጋል ብሎ ለወጣቶች ያስተምራል» አልኩ። «ይሄ የኢምፔሪያሊስቶች ሳይንስ ነው። እ... ማለቴ፣ በዚህ ርእስ ማንም ሰው ሶሻሊስት አገር ሊላክ አይገባም።»

ሰብሳቢው ጓድ ግዛቸው መነጽሩን አስተካክሎ ጻፈ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ከማኅደሩ ውስጥ ቅጹን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበ።

«የጥናት ርእስ፦ የጋላክሲዎች እድገት። ዕጩ፦ ጓድ ዋቅቶላ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። አማን ብድግ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግለ ሂሴም ይኸው ነው» አለ። «ርእሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዋቅቶላ አያውቅም። ሲፈቀድለት ልነግረው ነበር። እባካችሁ፣ ሌላ ርእስ ይጻፍለት።»

«ጓድ ዋቅቶላ ራሱ አይላክም ብሏል» አለ ሰብሳቢው። «ከራሱ በላይ ማን ያውቅለታል?»

ስሜን በመስመር ሰረዘው። ቦታው ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጠ።

ስንወጣ አማን በሩ ላይ ጠበቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ክንዴን ያዘኝ።

«አስቀድሜ ሳልነግርህ ጉድ ሠራሁህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለኝ።

እሱ እኔን! በዚህም ቀናሁበት።