ከጋራ ሙለታ የመጣው ወይራ

ዛፍን በግርማው፣ በልምላሜውና በጥላው የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ከልጡ በታች የተሰወረውን ቅንነትና ጥመት ግን ታጋሽ ጠራቢ ብቻ ይመረምራል፤ ትዕግሥትም፣ ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ ከመክሊት ሁሉ የከበረች፣ በሸክሟም ከመከራ ሁሉ የከበደች ናት።

ባቡር ከባሕር ጠረፍ እስከ ድሬዳዋ በሚመላለስበት በዚያ ዘመን፣ በድሬዳዋ ላቀው ድንበሩ የተባለ፣ እጀ ብልህና አንደበተ ቁጥብ፣ በጠረጴዛ ላይ ኳስ ከኳስ የሚያጋጩበት የካራምቦላ ጨዋታ በትር ሠሪ ነበረ፤ ባቡር ነጂው ዋበሪ ሮብሌ ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ወዳጆች በመጫወቻው ጠረጴዛ ዙሪያ ተፋልመውና ተሳስቀው ይለያዩ ነበር። አንድ ቀን ዋበሪ፣ “ላቀው ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ የባሕሩ ወበቅ በትሩን ሁሉ አጎበጠብኝ፤ የማይጎብጥ ሥራልኝ” አለው። “እሠራልሃለሁ፤ ብቻ እንጨቱ እስኪደርቅ አታስቸኩለኝ” ሲል ላቀው መለሰ።

ከዚያ በኋላ ላቀው ዝግባን መረመረ፣ ልስላሴው አላረካውም፤ ጽድን ፈተነ፣ መሰንጠቁን ጠላ፤ ዋንዛን አነሣ፣ ቀለለው። በመጨረሻም ጋራ ሙለታ ላይ ወጥቶ፣ ኦቦ ጁንዲ ከሚባሉ አረጋዊ ገበሬ ማሳ ዳር ነፋስ የጣለው ወይራ አገኘ፤ ጅማቱ ከሥር እስከ ጫፍ የቀና፣ አንጓ የሌለበት፣ በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነበር። አስፈቅዶ ወሰደው፤ ፈልጦም ፀሐይ በማያገኘው ጥግ አጋደመው። እንጨቱ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ ግን ጦርነት ተነሣ፤ ሐዲዱ ተቆረጠ፣ የዋበሪም ድምፅ ጠፋ። ላቀው በትሩን በጊዜው ጠርቦ፣ ልጎ፣ በዘይት አሽቶ ሰቀለው፤ አንድ ባለጸጋ ሊገዛው ቢለማመጠውም፣ “ባለቤት አለው” ብሎ አሰናበተው፤ የባቡር ፉጨት የሰማ በመሰለው ቁጥርም ሥራውን ጥሎ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር።

ሰላም ወርዶ ሐዲዱ በተጠገነ ጊዜ ዋበሪ መጣ፤ ነገር ግን የዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ፣ ሴት ልጁ እጁን ይዛ እየመራችው ነበር። ላቀው አቅፎት አለቀሰ፤ ከዚያም በትሩን ከተሰቀለበት አውርዶ አስጨበጠው። ዋበሪ በመዳፉ ከጫፍ ጫፍ ዳሰሰው፣ ወደ ጉንጩም አስጠጋው። “ቀጥ ብሏል” አለ፤ “በል አንተ ተጫወትበት፣ እኔ ድምፁን ልስማ።” ላቀው በመጫወቻው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መታ፤ ዓይኑን እንባ ጋርዶት ነበርና ኳሷ ሌላ ኳስ ሳትነካ፣ የግጭት ድምፅም ሳታሰማ አለፈች።

“ሳትክ!” አለ ዋበሪ፣ እንደ ጥንቱ እየሳቀ፤ “ተራው የእኔ ነው፤ እጄን ያዝና አስመታኝ።”

ዘመን ወዳጅን እንደ ወሰደው አይመልሰውም፤ ፍቅር ግን የተመለሰውን ሁሉ ምሉእ አድርጋ ትቀበላለች።