የኤሊዎች አዳኝ

ዶክተር ኦቲልያ አራት ዓመት ሙሉ የኤሊ ደም ስትቀዳ ኖረች። የመንደሩ ሰው «ሰው ታሞ ሐኪም በጠፋበት አገር የኛ ልጅ ኤሊ ትመረምራለች» እያለ ይስቅባታል፤ እሷም ጭቃዋን አራግፋ አብራ ትስቃለች። የማይስቀው የፓልም ዘይት ኩባንያው ብቻ ነበር። ቦይ ቆፍሮ ኤሊዎቹ የሚኖሩበትን ሐይቅ ሊያንጠፈጥፍና ፓልም የተባለውን የዘይት ዛፍ ሊተክልበት ፈቃድ ጠይቋል። መንግሥት በደግነቱ አንዲት ቀዳዳ ትቶላታል፤ የሐይቁ ኤሊዎች ሌላ ቦታ የማይገኝ ዘር መሆናቸው ከተረጋገጠ ሐይቁ አይነካም። ካልሆነ ግን ኤሊ ሞልቷል፣ ዘይት ይቅደም።

የደሙ ምርመራ ውጤት ሲመጣ እልል አለች። የኤሊዎቹ ዘረመል በአገሯ በታባስኮ ወንዞች ካሉት ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ደስታዋን ይዛ ወደ አጎቷ ወደ ዶን ፊሌሞን ከነፈች።

ዶን ፊሌሞን በመንደሩ የታወቁበት ሙያ መብላት ነው። ትሕትና በደጃቸው አልፋ አታውቅም። የገመድ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ሰሟትና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምነው ጋሼ?»

«አንቺ ልጅ፣ እነዚያ እኮ የኔ ናቸው! ትልቁ ጎርፍ የመጣ ዓመት ለስቅለት ብዬ ከድንበር ማዶ፣ ከጓቲማላ ወንዝ በጀልባ ያመጣኋቸው።»

በዚያ አገር በስቅለት ሥጋ አይበላም፤ ኤሊ ግን ከውሃ ስለሚወጣ ከዓሣ ተቆጥሯል። ይህን የወሰነው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ርቦት እንደነበር አያጠራጥርም።

«ስድስት ነበሩ» አሉ ዶን ፊሌሞን። «ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ድስቱ ተጥዶ ሳለ ጎርፉ መጥቶ አጥሩን ገነጠለው። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቤቴ እንዳይመስልሽ።»

«ለኤሊዎቹ ነው?»

«ለሽንኩርቱ!»

ኦቲልያ የአገሩ ተወላጅ ያለቻቸው ስደተኞች ሆነው ተገኙ። ዘመዶቻቸው ማዶ ሞልተው ከሆነ ሐይቁ አለቀለት።

«ጋሼ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ዕድሜ ልኬን ፊሌሞን ሆዳሙ ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ለቁም ነገር ብበቃ ዝም በል ትይኛለሽ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የዶን ፊሌሞን አፍ ደግሞ ከወለምታ ሌላ አያውቅም። ደግሞስ እሳቸው ዝም ቢሉ ውሸቱን እሷ ልትሸከመው ነው? አልቻለችም። እየፈራች ማዶ ተሻገረች። ወንዙን ከላይ እስከ ታች ብታስስ አንድም ኤሊ አላገኘችም። ያገኘችው በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ለጌጥ የተሰቀለ ቅርፊታቸውን ነው። አጥንቱን ፍቃ መረመረችው፤ ያው የሐይቁ ዘር ነው። ማዶ ያሉት አልቀዋል፤ የቀሩት ከድስት ያመለጡት የስድስቱ ልጆች ብቻ ናቸው።

ከዋና ከተማ የተላከው ባለሥልጣን እውነቱን አንድም ሳታስቀር ስትነግረው ሰማና ማኅተሙን መታ። ሐይቁ ተረፈ። ኩባንያው ሌላ ሐይቅ ፍለጋ ሄደ፤ ሌላ ሐይቅ መቼም አይጠፋም።

ሐይቁ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በተመረቀበት ቀን ዶን ፊሌሞን ሸሚዛቸውን አስተኩሰው ፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቶላቸዋል፤ «የኤሊዎች አዳኝ» ይላል። በእኛ ፊደል ቢጻፍ ጠብቆ ይነበብ ወይስ ላልቶ፣ አንባቢውን ባስቸገረ ነበር።

ባለሥልጣኑ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ከማዶው ወንዝ አንድም ስላልተረፈ፣ የእኚህ ሰው አርቆ አሳቢነት...»

ዶን ፊሌሞን ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «አንድም?»

«አንድም፣ ጋሼ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «የኛዎቹ የሐይቁ ሣር ውስጥ ተደብቀው አልያዝ ሲሉኝ፣ ከጎርፉ በኋላም በየዓመቱ ማዶ እየሄድኩ ለድስቴ አመጣ ነበር» አሏት። «እነዚያን የወሰደብኝ ጎርፍ የለም።»

ኦቲልያ ስትናደድባቸው ከርማ አሁን አንጀቷን በሉት።

ስማቸው ተጠራ። ዶን ፊሌሞን ማይክሮፎኑን ጨብጠው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«እኔን አታመስግኑኝ» አሉ። «ጎርፉን አመስግኑ።»

ባለሥልጣኑ ትሕትና መስሎት አጨበጨበ። ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበ። ዶን ፊሌሞን ወረቀቱን ሳይቀበሉ ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ፣ ኦቲልያ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።