የኋለኛው ክፍል ፌሮ

ነዒማ ሰው የምትጠረጥረው ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ላይ ሱቅ ይዛ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ የሽንኩርት ጆንያ ሳትዘረግፍ ገዝታ አታውቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች። ተረቱን ከማንም በላይ የምትተርትበት ደግሞ የባሏ ታላቅ ወንድም አብዱልሀኪም ነው።

ልጇ ኢልሀም ጁምዓ ኒካሗ ሊታሰር ነው። ሙሽሮቹ ፎቁ ላይ፣ ነዒማ ከታች ሊኖሩ ተስማምተዋል። ችግሩ ደረጃው በውጭ በኩል መሆኑ ነው፤ እናት ልጇን ለማየት በወጣች በገባች ቁጥር ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ መዞር አለባት። ስለዚህ የፎቁን የኋለኛ ክፍል ሶሌታ፣ የኮንክሪት ወለሉን፣ አስቆርጣ የውስጥ ደረጃ ልታሠራ አሰበች። ቤቱን ያስገነባው አብዱልሀኪም ነውና ለወጉ ያህል አማከረችው።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን ጋሼ?»

«በውጭ ይበቃል። ሶሌታው አይነካ።»

አብዱልሀኪም ግንበኛ ነው፤ የሲሚንቶ ወሬ ከጀመረ የሰሚው ምሳ ይቀዘቅዛል። ያን ቀን ግን ይህችኑ ተናግሮ ጫማውን አጥልቆ ሄደ። በነዒማ ሆድ ነገር ገባ። ባሏ አብዱረዛቅ፣ አላህ ይርሀመውና፣ የዋህ ሰው ነበር፤ ግንባታውን ለወንድሙ ጥሎ ሱቁን ነበር የሚጠብቀው። ሶሌታው ሲቆረጥ የሚታይ ምን ነገር አለ? ወይስ መታየት የነበረበት የሌለ ነገር? ፌሮውን በልቶት ይሆን?

ይህ ተራ ሐሜት አልነበረም። አባት ለሌላት ሙሽራ ወሊይዋ፣ በኒካሁ ላይ በአባት ቦታ የሚቆምላት፣ አጎቷ ነው። የየቲም፣ የሙት ልጅ፣ ቤት ብረት የበላ ሰው ጁምዓ ተቀምጦ የየቲሟን ኒካህ ሊያስር ነው ማለት ነው። «ማስረጃ ላግኝ እንጂ፣ ሸሆቹ ፊት አስነሳዋለሁ» ብላ ማለች። ለማንም ሳትተነፍስም ከደብረ ብርሃን ባለሙያ አስጠራች።

ባለሙያው ደረጄ ይባላል። መሣሪያው ጎማ ያላት ትንሽ ሣጥን ናት፤ ወለሉ ላይ ሲገፏት ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት በስክሪኗ ታሳያለች። ጎረቤቷ ብዙነሽ «ወርቅ ነው አሉ የሚፈልገው?» ብላ አንገቷን ስታሰግግ ነዒማ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ደረጄንም ጠረጠረችው።

«አብዱልሀኪም የሚባል ሰው ደውሎልሃል?»

«አልደወለልኝም እትዬ።»

«ታውቀዋለህ?»

«እኔ እዚህ አገር ከእርስዎ በቀር የማውቀው ሰው የለም።»

ፎቁ ላይ ከፊተኛው ክፍል ጀመረ። መሣሪያዋ ብረት ባገኘች ቁጥር ወለሉን በጠመኔ ያሰምራል፤ መስመሩ ቁመቱም ወርዱም ተቀራርቦ እንደ ሰሌን ጥልፍልፍ አለ። የኋለኛው ክፍል ሲደርስ ግን ጠመኔው ሥራ ፈታ። ገፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ገፋ። አንድ መስመር እዚህ፣ አንድ መስመር እዚያ ማዶ። በመፈተሻ መዶሻው ደግሞ ወለሉን ነካ ነካ አደረገ።

«ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው» አለ። «ፌሮው ነው የሌለው። ይህ ከተቆረጠ ወለሉ ይወርዳል። ሳይቆረጥም ቢሆን ከሥር ድጋፍ ሳይቆም አልጋና ቁምሳጥን እንዳያስገቡ።»

ኢልሀም ከልጅነቷ ጀምሮ የተኛችው እዚያ ክፍል ነው። የነዒማ ደም ፈላ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሏታል፤ ጠርጣሪ ሰው ጥርጣሬው ሲሰምርለት እንዲህ ነው።

ከአስር ሰላት በኋላ አብዱልሀኪምን አስጠርታ የጠመኔው መስመር ላይ አቆመችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው፣ «ፌሮውን የት አደረስከው?» አለችው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን አየ።

«እኔ ነኝ የሸጥኩት» አለ። «ሶሌታው የተሞላ ዕለት ጠዋት አስነሳሁት። አውፍ በዪኝ።»

ለክህደት ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ አልተዘጋጀችም። የተሞላ ዕለት ጠዋት? ኮንክሪት የሚፈስበት የሙሌት ቀን እንደ ሠርግ ነው፤ በግ ታርዶ ሠራተኛ ሁሉ ይበላል፤ ወጡን የሠራችው ራሷ ነዒማ ናት። አብዱልሀኪም ግን አልነበረም። ሚስቱ ሙሀባ ካራቆሬ ወላጆቿ ዘንድ ምጥ ይዟት፣ በዋዜማው ሄዶ ልጁ ሙዓዊያ ሲወለድ እዚያው ነበር። ሠራተኛውን ሲያዝ የዋለው አብዱረዛቅ ብቻውን ነው።

ሌላም ትዝ አላት። «የጎረቤታችን የብርቱካን ፎቅ በረንዳ ሲኖረው የእኔ ለምን ይቀራል?» ብላ ባሏን ያኮረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። በረንዳ በእቅዱ አልነበረም፤ ፌሮም ከገበያ ጠፍቶ ነበር። እሱ ግን «እሺ፣ አንቺ ብቻ አታኩርፊ» አለና በረንዳው ተሠራ። ሁሉን የምትጠረጥር ሴት፣ ያ ብረት ከየት እንደመጣ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋ ወርዶ፤ «አንቱ እኮ ያን ቀን አልነበሩም።»

«ዝም በይ ነዒማ። ወንድሜ ሟች ነው። እንዳልናገር አደራ ብሎኝ ነው የሞተው።»

በሩ ላይ ኢልሀም ቆማለች። የሰማችው የአጎቷን ኑዛዜ እንጂ ከዚያ በኋላ የነበረውን የሁለቱን ሹክሹክታ አልነበረም። «አጎቴ ሌባ ከሆነ ኒካሄን አያስርም» አለች። «ሌላ ወሊይ ይፈለግ።»

«ልክ ነሽ ልጄ» አለና አብዱልሀኪም ወደ ጫማው ሄደ።

ነዒማ ዝም ማለት ትችል ነበር። ሽማግሌው ከወጣ የባሏ ስምም የእሷም ስም እንደተጠበቀ ይቀራል። ፈራች።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች። ወደ ልጇም ዞረች። «ሌባ የለም። ብረቱ የፊት በረንዳው ውስጥ ነው። ያዞረው አባትሽ ነው፤ ያስጨነቅኩት እኔ ነኝ። አጎትሽ ያን ቀን ካራቆሬ ነበር።»

ኢልሀም አልጋዋ ቆሞ የነበረበትን ቦታ አየች፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

«ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«አሁን። ወላሂ፣ አሁን።»

ኢልሀም እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ማመን አለማመኗን ነዒማ ከፊቷ ላይ መለየት አቃታት።