ሰጋቱራ ውስጥ የገባው ራስ

«ለአንድ ጆንያ ሰጋቱራ ነው እንዲህ የምትጮህብኝ?» አሉ እትዬ፣ ከክምሩ ፊት እንደተንበረከኩ። «ለዶሮዎቼ ጉዝጓዝ ቢሆን ምን ይጎድልብሃል?»

አናጢው የዎርክሾፑ በር ላይ ደርቆ ቀረ። ጉጠት ሊዋስ ጎረቤት ደርሶ ሲመለስ፣ የሚስቱ ታላቅ እህት እጃቸውን እስከ አንጓው ሰጋቱራው ውስጥ ከትተው አገኛቸው።

«ይውሰዱት! ሁሉንም ይውሰዱት! ብቻ እጅዎን ያውጡ!»

«አሁን ደግሞ ቸር ሆንክ።»

«የእባቡ ራስ እዚያ ውስጥ ነው!»

እትዬ ሳቁ። እባቡንማ ሲገቡ አይተውታል፤ ደጅ ላይ ራስ አልባ ሆኖ ተጋድሟል። አናጢው ከጣውላ ክምር ስር ሲወጣ አግኝቶ በአካፋ ቢለው፣ ራሱ ተፈናጥሮ ሰጋቱራው ውስጥ ሰመጠ። ይኸው ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።

«ሞቶ የለም እንዴ ታዲያ?»

«ተቆርጦም ይነክሳል! አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ! መርዙም አብሮት ነው። አንብቤዋለሁ!»

«አይ ጉድ-ሰማችሁ!»

ይህን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሚስማር የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ እንኳ ሳያነብ አይጥልም፤ ካነበበ ደግሞ ለሰው ካልነገረ እንቅልፍ አይወስደውም። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው ሲል ቤተሰቡ አፉን ከፍቶ ሰምቶታል። ሰጎን ስትፈራ ራሷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች ያለ ቀን ግን አስተማሪዋ የእትዬ ልጅ ሰው ፊት ውሸት መሆኑን አስረድታ አፉን አስያዘችው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጣለ ቢል እንኳ ሰው በመስኮት አይቶ ነው የሚያምነው።

አንድ እርምጃ ቀረበ። እትዬ እልህ ያዛቸውና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱት።

«ይኸው! የታለ? ነከሰኝ?»

ሰጋቱራው ከላይ ሸርተት አለ። ጎትቶ እንዳያወጣቸው፣ ክምሩን ማነቃነቅ ይሆንበታል። ሚስቱን እናት ሆነው ያሳደጓት እኒህ ሴት ናቸው፤ ያቺ እጅ አንድ ነገር ብትሆን በየትኛው ዓይኑ ነው ቤቱ የሚገባው?

«እትዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በእህትዎ ሞት። ቀስ አድርገው ያውጡት።»

በሚስቱ ምሎ አያውቅም። እትዬም ይህን ያውቃሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። እጃቸውን በዝግታ፣ ጣት በጣት አወጡና ጆንያቸውን ይዘው ወደኋላ ተሳቡ።

አናጢው አንድ ቀጭን ቁራጭ ጣውላ አንስቶ ሰጋቱራውን ገለጥ፣ ገለጥ አደረገ። የእትዬ መዳፍ ከነበረበት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ራሱ ብቅ አለ። አፉ ገጥሟል፤ ሰጋቱራ ለብሶ የእንጨት ጉጥ መስሏል።

«ይኸዋ፣ ሞቷል» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

አናጢው በጣውላው ጫፍ ነካው።

ቀጭ!

ጣውላውን ሲያነሳው ራሱ አብሮ ተነሳ፤ ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ተተክሎ ተንጠለጠለ። የእትዬ ጆንያ መሬት ወደቀ።

አናጢው ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

«አሁንስ አመኑኝ?»

እትዬ እጅጌያቸውን አራገፉ።

«እባቡን ነው ያመንኩት።»