ከቦታው የተረፈው ስም

ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ምላሴ እስኪደርቅ! የምንሠራው የሕመም ማስታገሻ በደም ሥር የሚሰጥ ፓምፕ ነው፤ ኮዱ የተጻፈው ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በሲ ደግሞ ለጽሑፍ የሚሆነውን የኮምፒውተር ሜሞሪ ራስሽ ለክተሽ ትመድቢያለሽ። ጽሑፉ ከተመደበለት ቢበልጥ «ተይ» የሚልሽ የለም፤ የተረፈው ጎረቤቱ ላይ ይጻፋል። የበሽተኛው ስም ጎረቤት ሞተሩ የሚያነበው የመድኃኒት መጠን ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል፣ ስሙ ሜሞሪ ውስጥ ከመገልበጡ በፊት ርዝመቱን ቼክ እናድርግ» አልኩት። «እንደዚህ የሚረዝም ስም ያለው ማን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ።

እሑድ ከምኖርበት ከኒው ሆፕ መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ የጓደኛዬን የሊዲያን እናት፣ እትዬ ዘነቡን ልጠይቅ አፕል ቫሊ ሄድኩ። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሊዲያ ነርስ ናት፤ እቤት ታስታምማቸዋለች። በሩን ስትከፍትልኝ ፊቷ በርቷል።

«ቲጂዬ፣ ነይ ተመልከቺልኝ! ዛሬ እኮ እማዬ በሰላም ተኛችልኝ።»

አልጋው አጠገብ ያለው ፓምፕ የእኛ ነው። ስክሪኑ ላይ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው፣ መጨረሻ ላይ የክርስትና ስማቸው ሳይቀር ተጽፏል፦ ዘነቡ ሰረቀብርሃን ገብረመድኅን ወለተ ሥላሴ። ከመደብንለት ቦታ ይበልጣል።

«ይህን ሁሉ ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ፣ ጠዋት። ‹እግዜር የሚያውቀኝ በክርስትና ስሜ ነው፣ እሱን ካላስገባሽ መድኃኒቱ አይበጀኝም› ብላ አስጨነቀችኝ። ፓምፑ ደግሞ ምንም አላለ፣ ስሙ ልክ ገባ።»

ልክ መግባቱ ነው ያስፈራኝ። ምናለ ቢበላሽ፣ ቢጮህ! ከስሙ ሥር የሚታየው መጠን ሐኪሙ ያዘዘው ነው። ሞተሩ ግን እሱን አያነብም፤ የሚያነበው የስሙ ትራፊ የተጻፈበትን ነው።

«ሊዲያ፣ አሁኑኑ አጥፊው!»

«አበድሽ እንዴ? በሕመም ልትጨርሻት ነው? ነርሷ እኔ ነኝ አንቺ?» ብላ እጄን ያዘችኝ።

እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «አትጣሉ ልጆቼ… ተመስገን ነው… የት ሄደ ሕመሙ?» አሉ፤ ምላሳቸው ተሳስሯል።

እጄን መንጭቄ የቱቦውን መቆለፊያ ዘጋሁት። ሊዲያ ቀና ብላ የመድኃኒቱን ከረጢት አየች። እስከ ረቡዕ ይበቃል የተባለው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«ጠዋት እኮ ነው የሰቀልኩት» አለች።

አምቡላንስ ለመጥራት ወደ ናይን ዋን ዋን እየደወልኩ ደረታቸውን አየሁ። ትንፋሻቸው ወጣ፤ እስኪመለስ ጠበቅን። ሊዲያ ትከሻቸውን ይዛ ትነቀንቃቸው ጀመር።

«እማዬ፣ አመመኝ በይ! በማርያም፣ አመመኝ በይኝ!»