ሦስቴ ማለቅለቅ

የጋሽ ዓለሙ ተዝካር በወጣ ማግስት ባለቤታቸው እትዬ እታፈራሁ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው አንዲት የታሸገች የናሙና ጠርሙስ ይዘዋል። ሳያት ልቤ ደንገጥ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፣ ደንዝዣለሁ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ጫማዬን አይ ነበር።

ጠርሙሷን አውቃታለሁ። በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ጋሽ ዓለሙ አለቃዬ ነበሩ። የመርከብ ካፒቴኖች አልፎ አልፎ የስኮትላንድ ውስኪ ያመጡላቸዋል፤ ያውም ያልተደባለቀውን፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የወጣውን፣ ሲንግል ሞልት የሚሉትን። ሌላው በኮካ በርዞ ሲገለብጠው እሳቸው ጠብታ ውኃ ጣል አድርገው ያሸቱታል። "ወንዶሰን፣ አትቸኩል፣ አፍንጫህ ይቅደም። መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጨው፣ መጨረሻ ላይ ማር" ይሉኛል። እኔን ወር ሙሉ የሸተተኝ አልኮል ብቻ ነበር። ማሩ የመጣልኝ ቀን እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ከሚጫነው ነዳጅ ሁሉ ናሙና ታሽጎ እንደሚቀመጥ፣ ከጥሩ ውስኪም መቶ ሚሊ ሊትር አሽገን፣ ቀን ጽፈን ሁለታችንም እንፈርምበት ነበር። ማጣሪያው ሲዘጋ ሌሎቹን ጠጥተን ይችን ብቻ አስቀረን።

"ይግቡ፣ እትዬ" አልኳቸውና ቬንቲላተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

"ነገ ሾፌሩ ክንፈ በመኪናው ደሴ ያደርሰኛል" አሉ። "ዓለሙ ሃያ ዓመት 'አንድ ቀን ቅመሽልኝ' እያለ ለመነኝ። አባቴን የገደለው መጠጥ ነው፣ ቤቴ አይገባም አልኩት። አልገባም። አሁን ቆጨኝ። ሳልሄድ አንዴ ልቅመሰው፤ አንተ አሳየኝ።"

"እሺ" አልኩ።

ሁለት ብርጭቆ አውጥቼ እሽጉን ቀደድኩ። ከዚያ እጄ የለመደውን ሠራ። በላቦራቶሪ ዕቃ የሚለቀለቀው ሊቀዳበት ባለው ፈሳሽ በራሱ ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ እየተደፋ። ጋሽ ዓለሙ ውስኪም ሲሆን ይህን አይዘሉም ነበር። ትንሽ ቀዳሁ፣ አዟዟርኩ፣ ደፋሁ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ሁለተኛውንም ብርጭቆ እንዲሁ። ለመጠጡ ልቀዳ ሳዘነብል አንዲት ጠብታ ወጣች፤ ሌላ አልተከተላትም።

እትዬ እታፈራሁ ሥርዓቱ መስሏቸው ይጠብቃሉ።

"አልቋል" አልኩ። "ደፋሁት።" የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ ውስኪም ያው ነው። ማፈር እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ እፍረቱ ግን አልመጣም።

ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆዩ።

"ይህንንማ አውቀዋለሁ" አሉ። "ከሥራ ሲገባ አንዳንድ ቀን አንገቱ ሥር እንዲህ ይሸት ነበር። የነዳጅ ሽታ መስሎኝ... ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሊስመኝ ሲጠጋ፣ ሂድ ታጠብ እለው ነበር።"

ብርጭቆውን ዘረጉልኝ። "ማር አለው ይል ነበር። ማሩ የታል?"

አሸተትኩ። ጭስ የለም፣ ጨው የለም፣ ማርም የለም። ባዶ ብርጭቆ ነው።

"አለ" አልኳቸው። "መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይታገሱት።"

"እሺ" አሉና ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መጠበቅ ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።