ሴይኒ ያልጠየቀችው ጥያቄ

ሉፔ ሴይኒን ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ደህና አደርሽም የለ፣ ምንም የለ።

«ወንድምሽ ሴት ይዟል! አምስት ወር ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚተኛው። ምን ሆንኩ? ሸተትኩ?»

«በእናትሽ ተይኝ ሉፔ! እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ አይነገርም» አለች ሴይኒ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና።

«ለማን ልንገር ታዲያ? ለቄሱ? ሐሙስ ልጆቼን ይዤ መርከብ እሳፈራለሁ፤ እናቴ ቤት እገባለሁ። ክኒኑንም ለአሳማዎቹ ሲደፋው አይቼዋለሁ። የራሱ ጉዳይ!» ብላ ጥላት ሄደች።

ሴይኒ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካች ደርቃ ቀረች። ወንድሟ ኬሌፒ ክኒኑን ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? አምስት ወር። አሥራ አራት ዓመት በነርስነት የሠራች ሰው ይሄ እንዴት ይጠፋታል? አልጠፋትም። ያ ክኒን ድባቴውን ሲያባርር አንዳንዱን ወንድ ከሚስቱም እንደሚያባርረው ታውቃለች። ክኒኑ ከቀረ ደግሞ የሚመጣውን አይታለች። አምና ኬሌፒ ብቻውን በታንኳ ደሴቱን ከከበበው የኮራል አለት ወዲያ ቀዝፎ ወጥቶ፣ ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው የመለሱት። መረብም መንጠቆም አልያዘም ነበር። አሁን ክኒኑ የለ፣ ሐሙስ ደግሞ ሚስቱ የለች።

ጥፋቱ የማን ነው? የራሷ የሴይኒ ነው፤ አንጀቷን ያሳረረውም ይሄው ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ሃርቲጋን ከአውስትራሊያ በወር አንድ ቀን ይመጣል፤ ቶንጋኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚው እሷ ናት። ኬሌፒ የእናቷ እህት ልጅ ነው። ይህ በቶንጋ ወንድም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ልጅነታቸው ካለፈ ወዲህ በአንድ ጣራ ሥር አድረው አያውቁም። ቴሌቪዥን ላይ ሰው ሲሳሳም እንኳ ከሁለት አንዳቸው ተነስተው ይወጣሉ።

መጀመሪያ ቀን ነግራው ነበር እኮ!

«ወንድሜ ነው ዶክተር፤ ሌላ ሰው ይተርጉምልዎት።»

«የአንድ እናት ልጆች ናችሁ?»

«የእናቴ እህት ልጅ ነው።»

«የአክስት ልጅ በይኛ! አይዞሽ ሲስተር፣ ቁጭ በይ» ብሎ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ከባለቤትህ ጋር እንዴት ነህ? ፍላጎቱ አለህ? ሰውነትህ ይታዘዝሃል? ኬሌፒ እንደ አገሩ ደንብ ለክብር ወገቡ ላይ የታጠቀውን የሰሌን ምንጣፍ እያየ ተቀምጧል። ሴይኒ ፊቷ እሳት ሆነ። አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው፤ «ምግብ ትበላለህ ወይ ነው የሚልህ።»

«እበላለሁ» አለ ኬሌፒ።

«ደህና ነኝ ይላል» አለች ለዶክተሩ። ዶክተሩም ጻፈ። በየወሩ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ስለ ምግብ ትጠይቃለች፣ እሱ ይጽፋል።

ዛሬ የዶክተሩ ቀን ነበር፤ ክኒኑ መደፋቱን ስትነግረው ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ክኒኑን የሚያቋርጠው? አልገባኝም! ጥሪው እስቲ።»

«እኔ አልገባም። ሾፌሩ ኦፔቲ እንግሊዝኛ ይችላል፤ እሱ ይግባ።»

«ሾፌር? የበሽተኛ ምስጢር ለሾፌር? ሲስተር፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ፤ ከሰዓት አውሮፕላኔ ይነሳል።»

«ዶክተር፣ ያንን የሚስቱን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ስለ ምግብ ነበር የምጠይቀው።»

ዶክተሩ ፈነዳ። «አምስት ወር ውሸት ስጽፍ ከረምኩ በይኛ! ድባቴው ራሱ ፍላጎት ይገድላል፤ ክኒኑም ይገድላል። የቱ እንደቀደመ እሱ ካልነገረኝ በምን ልወቅ? የሁለቱ ሕክምና ለየቅል ነው!»

«ወንድሜ ነው አልኩዎት! ስቀው ቁጭ አደረጉኝ!» እንዲህ በሐኪም ላይ ጮኻ አታውቅም።

ዶክተሩ ጆሮው ቀላ። «ይሄን ለአለቆችሽ ማሳወቅ አለብኝ። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«ያሳውቁ። ኦፔቲን ግን አሁን ይጥሩት።»

ኦፔቲ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ምን ይከብዳል? ማታ ወንዶቹ ተሰብስበን ካቫ ስንጠጣ የምናወራው ይሄንኑ አይደል?»

«አጎቴ ኦፔቲ፣ ከዚያ ክፍል አንዲት ቃል ብትወጣ ለሚስትዎ ነው የምነግራቸው!»

«ኧረ አፌን ሰፍቼዋለሁ!»

ሴይኒ ወደ ጓሮው የውኃ ታንከር ሄዳ፣ ምንም እንዳትሰማ ቧንቧውን ከፍታ ባልዲ አጠበች። የታጠበ ባልዲ ደግማ አጠበች። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ዶክተሩ ወጣ።

«ከክኒኑ ነው፤ በፊት ምንም አልነበረበትም። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት...»

«አይንገሩኝ!»

እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ይቅርታ። ክኒኑን ቀይሬዋለሁ፤ ይኸው ነው። ባለቤቱንም ኦፔቲ ሊያመጣት ሄዷል። ሪፖርቱን ግን እጽፋለሁ፤ የእኔንም ጥፋት ጭምር።»

ሉፔ መጣች፣ ከባሏ ጋር ገባች። ሲወጡ ትከሻውን በማራገቢያዋ ትመታዋለች፤ «አንተ ጅል! መናገር ያቅታል? እኔ ስንቷን ሴት ስረግም ከረምኩ!» ታለቅስም ነበር። ስለ መርከብ አላነሳችም።

ኬሌፒ ክኒኑን ሊቀበል መስኮቱ ጋ መጣ፤ እንደ ልማዱ ወደ ጎን እያየ። ሴይኒ አዲሱን ክኒን ቆጥራ ሰጠችው። «በቀን አንድ፣ ከቁርስ በኋላ። ምግብ ትበላለህ አይደል?» ልማድ ሆኖባት አመለጣት።

ኬሌፒ ክኒኑን ኪሱ ከተተ። «እህቴ፣ ‹ሚስት› የሚለውን እንግሊዝኛማ እኔም አውቀዋለሁ» አለ። «ምን እየጠየቀ እንደነበር ገብቶኛል። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እበላለሁ ያልኩት።»

«አትበላም ማለት ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።»

አየችው። በዚያ ሁሉ የወገብ ምንጣፍ ሥር ሱሪው እንዳይወልቅ በገመድ ታስሯል። በውጭ የኦፔቲ መኪና ዶክተሩን ጭኖ ተነስቷል። ሴይኒ ሸበጧን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በሩን በርግዳ በአቧራው ውስጥ ሮጠች። «ዶክተር! ይቁሙ! ዶክተር፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ!»